የኋላ ኪስ

ሊነጋጋ ሲል አስተባባሪዋን ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የስፌት መኪና ድምፅ ነው። የእሷን መኝታ ከእህቷ ሳሎን የሚለየው ግድግዳ ቺፑድ ስለሆነ በዚህ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር የለም፤ አንዱ ሲያስነጥስ ከወዲያኛው ክፍል «ይማርህ» ይባላል። መኪናው ትንሽ ይሮጥና ይቆማል፤ መቀስ ይሰማል፤ ዝም ይላል፤ ከዚያ እንደገና ይሮጣል። ሌላ ቀን ቢሆን ትራሱን ጆሮዋ ላይ ጭና ትተኛ ነበር። ነገ ግን የልብስ ስፌት ተለማማጆች የማጠቃለያ ምዘና ነው፤ ምዘናውን የምታሰናዳውም፣ የሚፈተኑበትን ሥራ ጽፋ በፖስታ የምታሽገውም እሷ ናትና ሰሞኑን እንቅልፏ የውሻ እንቅልፍ ሆኗል። በባዶ እግሯ ተነሥታ በገርበብ ያለውን በር አሾልቃ አየች። የእህቷ ልጅ ጩጬ አፏን በስፒል ሞልታ የአባቷን አሮጌ ሱሪ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች። ጩጬ የቤቱ መጨረሻ ስለሆነች የወጣላት ስም ነው፤ ዛሬ እናቷን በቁመት በልጣ እንኳ ስሙ አልለቀቃትም። ከሱሪው መቀመጫ ከፍ አድርጋ በሳሙና ስባሪ ያሰመረችውን መስመር በጣቷ ዳሰሰችና ጨርቁን መሃል ለመሃል ቀደደችው። የኋላ ኪስ እየሠራች ነው። አስተባባሪዋ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

ሊሆን የማይችል ነገር ነው። ነገ ፖስታው ሲከፈት የሚወጣው ሥራ ይኸው ራሱ ነው፤ የሱሪ የኋላ ኪስ። ለእያንዳንዱ ተለማማጅ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ይሰጠዋል፤ መቀስ አንዴ ከገባበት ምሕረት የለውም፣ ላበላሸ ሌላ አይሰጥም። ይህን የሚያውቁት እሷና ከሌላ ከተማ የሚመጣው መዛኝ ብቻ ናቸው። ፖስታው በሰም ታሽጎ በምትሠራበት ማሰልጠኛ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ የብረት ቁም ሣጥን ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ያለው ደግሞ ዕቃ ቤት ጠባቂው ዘንድ ነው። ወረቀቱን የጻፈችው እዚሁ ቤት፣ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ እህቷ ሻይ እያቀረበችላት ነበር። እንግዲህ ከነዚህ ሰዎች አንዱ አፉን ከፍቷል ማለት ነው። ይህ ከታወቀ ምዘናው ለሁሉም ይሰረዛል። ጩጬ ትታገዳለች፤ የምትለማመድበት የስፌት ድርጅት ደግሞ ምስክር ወረቀቷን ይዛ እስክትመጣ ነው ቦታ ያቆየላት። አስተባባሪዋም ከሥራዋ ትባረራለች፤ ድሮም የእህቷ ልጅ ማሰልጠኛ የገባች ዕለት «አክስቷ ሰፍታ ትሰጣታለች» ያሉ አልጠፉም። ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ገፋ አድርጎ «ይሄን ማን ነገረሽ?» ብሎ በተገላገለ። ጠርጣራ ሰው ግን አይጠይቅም፤ ያጠምዳል። የአስተባባሪዋ አባት ሲሞት ለታላቂቱ ቤቱን፣ ለታናሺቱ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት አውርሷል እየተባለ በዘመድ ይቀለድባታል። ተመልሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እስኪነጋ ድረስ ሰዎቹን አንድ በአንድ ስታብጠረጥር ቆየች።

ቁርስ ላይ ማንም ብዙ አልተናገረም። ይህ ቤት ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ እህትማማቾቹ ሻይ ይዘው የሚስቁት ሳቅ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ከሰሞኑ ግን ታላቅየዋ ፊቷን አጥቁራለች፤ «እንዴት አደርሽ፣ እትዬ» ሲሏት የምትመልሰው ከአንገት በላይ ነው። መካኒኩ ባሏ፣ ቤቱ ቢነድ ሽታው የማይደርሰው ሰው፣ ስለ ዳቦ ያወራል። «ዋጋው ያው ነው ይላሉ፤ ዳቦው ግን በየሳምንቱ አንድ ጉርሻ ይቀንሳል» አለና ስኳር ሊያመጣ ተነሣ። የአስተባባሪዋ ዓይን ሳይታዘዝ ተከተለው። የቀኙ የኋላ ኪሱ አፉ ተተርትሯል፤ የግራው ግን ከንፈሩ እኩል ነው፣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ፣ እጅ ያለው ሰው የሠራው። እህቷ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ መታ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ተቀመጥ እንጂ፤ ምን ያንጎራድድሃል?» አለች ባሏን።

«ስኳር ላምጣ ብዬ ነዋ።»

«እኔ አመጣለሁ። አንተ ተቀመጥ።»

አስተባባሪዋ ቀና ብላ ብታያት እህቷ ዓይኗን ሰበረች። ይኸው፣ አለች በሆዷ፤ ንጹሕ ሰው ዓይን አይሸሽም። ሻይ እያቀረበች በትከሻዬ ላይ አሻግራ አንብባለች ማለት ነው፤ እናት አይደለች፣ ለልጇ ስትል ምን የማታደርገው አለ። ጩጬ ዳቦዋን እያኘከች አንዴ እናቷን አንዴ አክስቷን ታያለች፤ የከንፈሯ ጫፍ ላይ ሳቅ የመሰለ ነገር ነበር። ሁለቱ እህትማማቾች የሻይ ዕቃውን አብረው አነሡ፣ ጀርባ ለጀርባ ሆነው አጠቡ።

አውቶቡሱ ሰው በሰው ላይ ነበር። አስተባባሪዋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ አንዱን ብረት ይዛ፣ ቆማ ስታስብ ሄደች። ከፊቷ የቆመው ተማሪ ሱሪ ኪስ አለው እንዳይባል አፍ እንጂ ሆድ የለው፤ ለጌጥ የተሰፋ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ወፍራም ሰውዬ የኋላ ኪሱ በገንዘብ ቦርሳ ተወጥሮ ክሩ ሊበጠስ ደርሷል፤ ሰፊው ጫፎቹን በሚገባ ቢያስራቸው ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር። ጎንበስ ብላ አጥርታ አየችው። ሰውዬው ዞር አለ፤ ከእግር እስከ ራሷ ገላመጣት፤ ከዚያ ቦርሳውን አውጥቶ ወደ ፊተኛው ኪሱ አዛወረው። «ዘንድሮስ ሴቶቹም ጀመሩ» አለ አጠገቡ ላለው። አስተባባሪዋ ምን እንደሚል አልገባትም፤ የሱን ነገር የምትሰማበት ጆሮ አልነበራትም። በጭንቅላቷ ውስጥ መዛኙ፣ ዕቃ ቤት ጠባቂውና እህቷ ተሰልፈው ቆመዋል። መዛኙ ሩቅ ነው፣ ጩጬንም አያውቃትም። እህቷ ቅርብ ናት። ከሁሉም በላይ ግን ልቧ የሄደው ወደ ዕቃ ቤት ጠባቂው ነው፤ ለምን ቢሉ፣ በእጁ ቁልፍ አለ። ቁልፍ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይከፍታል ብላ ታምናለች።

ዕቃ ቤት ጠባቂውን ጊቢው ሁሉ የሚጠራው አባ ቁልፍ ብሎ ነው። ጡረታው ደጃፍ ላይ የደረሰ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ወገቡ ላይ ያንጠለጠለው የቁልፍ ዘለላ ግን ስለ እሱ ይናገራል፤ ከመድረሱ በፊት ሽንክር ሽንክር ሲል ይሰማና ሰው ሁሉ ቀና ብሎ «ደህና ዋሉ» ይለዋል። አስተባባሪዋም ብትሆን ከስም አላመለጠችም፤ ከነገር ሁሉ ፖስታ በብብቷ መያዝ ስለምታዘወትር ተለማማጆቹ እሜቴ ፖስታ ይሏታል፤ በፊቷ አይደለም እንጂ። ጠዋት ስትደርስ አባ ቁልፍ በትልቁ አዳራሽ ውስጥ የስፌት መኪናዎቹን ሽፋን እየገለጠ ዘይት ያጠጣ ነበር። ነገ የሚቀመጡበት ወንበር ተስተካክሏል፤ የምዘናው ጨርቅ እኩል እኩል ተቆርጦ በየጠረጴዛው ተጣጥፏል፤ ካውያዎቹ በመስኮቱ በኩል ተደርድረዋል። የሚነቀፍ ነገር ብትፈልግ አላገኘችም፤ ይህም ራሱ አጠራጠራት። ፖስታውን ማየት እፈልጋለሁ አለችው።

«ምን ጎደለ?» አለ ዕቃ ቤት አስገብቷት ቁም ሣጥኑን እየከፈተ።

«ምንም። ማየት ነው።»

«ትናንትም አይተሽው ነበር። ከትናንት ወዲያም።»

ፖስታውን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ወሰደችው፤ ወደ ብርሃኑ አነሣችው፤ ሰሙን በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው። ሰሙ ደህና ነው። ይህ ግን አላጽናናትም፤ ሰም እንደሆነ በሻማ ይቀልጣል፣ ተመልሶም ይረጋል። ወደ ሽማግሌው ዞራ ስታይ እሱ ደግሞ እሷን ነበር የሚያየው፤ አንድ ነገር ለመናገር የቃጣው መስሎ ከንፈሩን አላወሰና ተወው። ያን ጊዜ ወጥመዷን ጣለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለእርስዎ ብቻ ልንገርዎ፤ ሥራው ተለውጧል። ኮሌታ ሆኗል፣ የሸሚዝ ኮሌታ። አዲሱን ወረቀት ነገ ይዤ እመጣለሁ» አለችው።

«ለእኔ ለምን ትነግሪኛለሽ?» አለ አባ ቁልፍ። «እኔ አውጣ ሲሉኝ አወጣለሁ፣ ቆልፍ ሲሉኝ እቆልፋለሁ። ባላውቀው ይሻለኛል።»

«ለእርስዎ ያልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?»

ሽማግሌው ትከሻውን ሰበቀና ቁም ሣጥኑን ለመቆለፍ ዞረ። የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱ ጋ አልቆ ነበር፤ ነገር ግን ተፈትቶ፣ ተገልብጦ፣ ያለቀው ወገን ወደ ውስጥ ሆኖ ተሰፍቷል፤ ስፌቱ በእጅ ነው፣ ከመኪና አይለይም። አስተባባሪዋ እስኪጨርስ ድረስ ዓይኗን ከዚያ ኮሌታ ላይ አልነቀለችም።

ለመዛኙ ደግሞ ስልክ ደውላ ሥራው ዚፕ ሆኗል አለችው። መዛኙ የተከበረ ሰፊ ነው፤ ለመነጫነጭም እኩያ የለውም። «ባለፈው ኪስ አልሽኝ፣ ዛሬ ዚፕ ትይኛለሽ፤ ነገ ደርሼ ድንኳን አስፋ እንዳትይኝ ብቻ» አለና የአውቶቡስ ዋጋ መጨመሩን፣ የክር ዋጋ መጨመሩን፣ የሰው ትዕግሥት ብቻ መቀነሱን ሲዘረዝር ቆየ። ሦስተኛው ስልክ ለእህቷ ነበር። ጉርድ ቀሚስ ልትላት ወስናለች። እንግዲህ ማታ ከቺፑዱ ወዲያ ጩጬ የምትሰፋው ኮሌታ ከሆነ አባ ቁልፍ፣ ዚፕ ከሆነ መዛኙ፣ ጉርድ ከሆነ የገዛ እህቷ። በዘዴዋ ራሷም ረካች፤ እንዲያውም ዳይሬክተር ብትሆን ኖሮ ይህ ማሰልጠኛ እንዲህ እንደማይሆን አሰበች።

«እትዬ፣ ለማንም እንዳትናገሪ እንጂ የነገው ፈተና ጉርድ ቀሚስ ነው» አለች።

በስልኩ ውስጥ የውሃ መውረድ ይሰማል። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለች እህቷ ቆይታ። «ሌላ የምትነግሪኝ ነገር ካለ እሱን ንገሪኝ።»

«ምን ሌላ ነገር?»

«አንቺ ታውቂዋለሽ።» ስልኩ ተዘጋ።

ድምፁ የእህቷ ነው፣ ምሬቱን ግን አታውቀውም። በልጅነታቸው አንድ አልጋ ላይ ተኝተው፣ አንድ ብርድ ልብስ እየተጓተቱ ያደጉ ናቸው። ያማል፤ እውነቱን ለመናገር ከፖስታው ይልቅ ይኸኛው አመማት። ግን ነገሩን ከመመርመር ይልቅ በዝርዝሯ ላይ አሰፈረችው፤ ሌላ የምትነግሪኝ ማለት ነቅተሽብኛል ወይ ማለት ነው ብላ።

ከሰዓት በኋላ ተለማማጆቹ መቀመጫቸውን ለማወቅ መጡ። በደንቡ መሠረት እሷና ጩጬ ጊቢ ውስጥ አይተዋወቁም፤ ጩጬ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፋ «ደህና ዋሉ» ትላታለች፣ እሷም እንደ ማንም ራሷን ትነቀንቃለች። በየረድፉ እየሄደች ለእያንዳንዱ መኪናውን አሳየችው፤ ፔዳሉን ረገጥ ረገጥ እንዲያደርግ አዘዘችው፤ ነገ ስልክ ይዞ የመጣ እንደሚመለስ አስጠነቀቀች። አፏ ይህን ሲናገር ዓይኗ ሌላ ሥራ ላይ ነበር። የአንዱ ልጅ ኮሌታ አንዱ ጆሮ ከአንዱ ይረዝማል። የአንዷ በካውያ ብዛት ወረቀት ሆኗል። ይቺ እንዲህ ዓይነት ኮሌታ ለብሳ ለኮሌታ ልትፈተን ነው ብላ ከንፈሯን መጠጠች፤ ከዚያ ደግሞ ኮሌታ ውሸት መሆኑ ትዝ አላት። ውሸት ሲበዛ ባለቤቱንም ያሳምናል። ዳይሬክተሩ ገብቶ ሁሉ ነገር ደህና እንደሆነ ሲጠይቃት እንኳ የመለሰችለት ለክራቫቱ ቋጠሮ ነው፤ ሰውዬው ግራ ተጋብቶ አንገቱን ዳሰሰ። ከኋላ ረድፍ አንድ ሁለቱ ተለማማጆች ተጠቃቀሱ። እሷ አላየችም፤ የምታየውን እንጂ የሚያዩዋትን ማየት ጨርሶ አልለመደባትም።

ወደ ቤት የተመለሰችው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ደረጃው ላይ ሳለች የመኪናውን ድምፅ ሰማች። ቀስ ብላ ገባች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ዓይኗን ከበሩ ስንጥቅ ላይ ጣለች። ጩጬ የአባቷን ነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ፈታ፣ ማጠንከሪያውን ጨርቅ አስገብታ፣ ጫፉን በስፒል እየገፋች ታሾላለች። ኮሌታ። አስተባባሪዋን፣ ይህን መደበቅ አይቻልም፣ ደስ አላት። እህቷ አይደለችም። የገዛ እህቷ ነጻ ናት። በዚህ ደስታ ላይ ቆማ ነው ወደ ደረጃው ተመልሳ ለዳይሬክተሩ የደወለችው።

«አባ ቁልፍ ናቸው» አለችው። «ፖስታውን ይከፍታሉ። ዛሬ ሆን ብዬ ኮሌታ ነው ብዬ የነገርኩት ለእሳቸው ብቻ ነው፤ አሁን አንዲት ተለማማጅ ኮሌታ ስትለማመድ አገኘሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ? ሰውዬው ስንት ዘመን ያገለገሉ ናቸው።»

«በዓይኔ አየሁ።»

ተለማማጇ ማን እንደሆነች አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም። ዳይሬክተሩ ተንፍሶ፣ ሰውዬው ከአንዳንድ ተለማማጆች ጋር ገና አዳራሹን እያሰናዱ እንደሆነ፣ አሁኑኑ ቁልፉን ለዘበኛው እንዲያስረክቡ እንደሚያደርግ ነገራት። ስልኩን ዘጋችው። የሚገባኝን አደረግሁ አለች ለራሷ፤ ሁለት ጊዜ አለች።

እራት ሾርባና ዳቦ ነበር። መካኒኩ በልቶ ወዲያው ወደ ሥራው ወጣ፤ የማታ ተረኛ ነው። ሲወጣ ታላቅየዋ ዓይኗን ታናሽ እህቷ ላይ ተክላ ቆየች፤ ምን እንደምታይ ለማየት። ታናሺቱ ግን ሳህኗን ነበር የምታየው። ዛሬ ልቧ ስለቀለለ ማስመሰሉ ሰለቻት፤ ማንኪያዋን አስቀመጠችና ጩጬን፣ «እኔ እኮ ሁሉንም አውቄአለሁ» አለቻት። «አባ ቁልፍ እንደነገሩሽ አውቄአለሁ። ጠዋት ኪሱን፣ አሁን ኮሌታውን አይቻለሁ። ምን ብለው ነው የነገሩሽ?»

ጩጬ ዳቦዋ አፏ ውስጥ ቀረ። «አባ ቁልፍ? አባ ቁልፍ እኮ ደህና ዋልሽ ከማለት በቀር አናግረውኝ አያውቁም።»

«ታዲያ ማን ነገረሽ?»

«አንቺ ነሻ፣ አክስቴ።»

«እኔ?»

ጩጬ እናቷን አየች፤ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል በእጇ ያዘችው። «ሰሞኑን የምታዪው የሰው ኋላ ኋላውን ነው። ዘበኛውን ባለፈው 'እስቲ ዙሩ' ብለሻቸዋል፤ ሱሪያቸውን ልታዪ። አባዬ በተነሣ ቁጥር ዓይንሽ ከኪሱ ጋር ይነሣል። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ በድንገት ወደ አንገት ወጣሽ፤ ዳይሬክተሩን ሁሉ አንገቱን አስዳሰስሽው። ሁላችንም ኮሌታ ሆነ አልን። አምና እጅ እጅ ስታዪ ከርመሽ እጅጌ አልወጣም? ተመራቂዎቹ ሲያስረክቡን የነገሩን ይኸንኑ ነው፤ ፖስታውን ተዉት፣ ዓይኗን እዩ ብለው።» ከዚያ ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ዓይን ማየት ስርቆት ነው እንዴ?»

የአውቶቡሱ ወፍራም ሰውዬ ቦርሳውን ለምን እንዳዛወረ ለአስተባባሪዋ አሁን ገባት፤ ሁሉም ነገር አሁን ገባት፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ነደደ። ከዚያ ከወዲያኛው የጠረጴዛው ጫፍ አንድ ድምፅ ተሰማ። ታላቅ እህቷ እጇን አፏ ላይ ጭናለች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይታወቅም።

«ኪሱን ነው እንዴ?» አለች። «የምታዪው ኪሱን ነበር?»

«ሌላ ምኑን አየዋለሁ?»

ጩጬ አንገቷን ደፍታ ሾርባዋን አማሰለች። አስተባባሪዋ የሰሞኑን ፊት፣ የብርጭቆውን ድምፅ፣ «አንቺ ታውቂዋለሽ» የሚለውን ቃል አንድ በአንድ ሰብስባ ገጣጠመችው፤ እህቷ ለካ በባሏ ነበር የጠረጠረቻት። ትቆጣ ዘንድ ፈለገች፣ ቁጣው ግን አልመጣላትም። በምን አፏ። እሷም እኮ ቀኑን ሙሉ እህቷን ሌባ ስታደርጋት ነው የዋለችው። እህቷ እጇን ዘርግታ በጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ታናሺቱ ደግሞ የራሷን ከላዩ ላይ አደረገች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ቤት እስኪነጋ የሚስቅበት ነገር ነበር። ነገር ግን እዚያው እጇ እህቷ እጅ ላይ እንዳለ አባ ቁልፍ ትዝ አላት።

ስልኩን እዚያው፣ በሁለቱ ፊት ደወለችው። እህቷ ምን ልትናገር እንደሆነ ሲገባት «ቆይ እስቲ፣ እስከ ነገ ቆዪ፤ ልጅቱን አስቢያት እንጂ» ብላ ክንዷን ያዘች፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ እንደማይታሽ ግን አስተባባሪዋ ዛሬ በደንብ አውቃለች። ለዳይሬክተሩ ሁሉንም ነገረችው፤ ያየቻት ተለማማጅ የእህቷ ልጅ መሆኗን፣ ሥራውን ያወጣው የገዛ ዓይኗ መሆኑን፣ አባ ቁልፍ የሌሉበት መሆኑን። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ዋጠ። «ቁልፉን አስረከቡ» አላት። «አንድም ቃል አልተናገሩም። ልጆቹ ቆመው እያዩ ነበር።» ጥቂት አሰበና የነገውን ወሰነ፤ ፖስታው ይቀራል፣ እያንዳንዱ ተለማማጅ ሥራውን ራሱ በዕጣ ያወጣል፣ ጩጬም እንደ ሌላው ታወጣለች። «ቁልፉን ከዘበኛው ተቀብለሽ አንቺው መልሺላቸው» አለ በመጨረሻ። «ነገ ግን አትምጪ። ከነገ ወዲያ ስለ ሥራሽ እንነጋገራለን።» ጩጬ ሰማች። ተነሥታ ወደ መኪናው ሄደች፤ ዕጣ ምን እንደሚያወጣ አይታወቅምና የፈታችውን ኮሌታ ወደ ጎን አድርጋ ዚፕ ፈልጋ ጀመረች።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ሱቆቹ ገና አልተዘጉም፤ በየደጁ ሰው ተቀምጦ ይጫወታል። አስተባባሪዋ በዚያው ምሽት ሄዳ ከዘበኛው የተቀበለችው የቁልፍ ዘለላ ካሰበችው በላይ ከበዳት። የአባ ቁልፍ ቤት ከማሰልጠኛው ጀርባ፣ ከተደረደሩት ባለ አንድ ክፍል ቤቶች የመጨረሻው ነው። ስታንኳኳ ራሱ ከፈተላት። በካናቴራ ነበር፤ ያ ኮሌታው የተገለበጠ ሸሚዝ ከኋላው ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ወገቡ ባዶ ሆኖ ስታየው ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። አባ ቁልፍም ጎንበስ ብሎ እሷ የምታየውን አየ፤ የገዛ ጫማውን።

«ነገ ደግሞ ጫማ ልታሰፊያቸው ነው?» አላት።

ቀና አለች። ፊቱን እንዲህ ቀጥ ብላ አይታው አታውቅም፤ ደክሞታል፣ አልተቆጣም። «እርስዎም ያውቁ ነበር?» አለች።

«ጊቢው ሁሉ ያውቃል። ድመቷም ሳታውቅ አትቀርም።»

«ታዲያ ምነው አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ፖስታውን ከፈቱት ትይኝ ነበራ።»

ይህን ያለው ቀስ ብሎ ነው፣ እንደ ማንኛውም ነገር። አስተባባሪዋ ይቅርታ የሚለውን ቃል እንደምንም አወጣችውና የቁልፉን ዘለላ በሁለት እጇ አቀረበችለት። አባ ቁልፍ ቁልፎቹን አየ። የመኪናዎቹን፣ የካውያውን መሳቢያ፣ የብረቱን ቁም ሣጥን፣ አንድ በአንድ የሚያውቃቸውን አየ። እጁን ግን አልዘረጋም።

«እነሱን ለሌላ ሰው ስጪ» አለ። «ሰው ፊት ነው የተቀበሉኝ፤ ልጆቹ ቆመው። እሺ፣ ይቅር ብያለሁ። ቁልፉን ግን አልቀበልም።» ከዚያ የሰፈሩ መንገድ ጨለማ ስለሆነ በዳር በኩል እንድትሄድ መክሯት በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ቀሚሷ ኪስ አልነበረውም። ቦርሳዋንም በጥድፊያ ቤት ትታው መጥታለች። የቁልፉን ዘለላ በእጇ አንጠልጥላ ወደ ዘበኛው ተመለሰች፤ በተራመደች ቁጥር ሽንክር ሽንክር ይላል። በየደጁ የተቀመጠው ሰው ድምፁን ሲሰማ አባ ቁልፍ የመጣ መስሎት ሰላም ሊል ቀና ይላል፤ እሷን ያይና ዝም ብሎ ወደ ጨዋታው ይመለሳል።